ባለ ሦስት አውታር የንብረት ወሰን

ባለ ሦስት አውታር የንብረት ወሰን ማለት አንድን ይዞታ በርዝመትና በስፋት ብቻ ሳይሆን በከፍታም ጭምር የሚገድብ፣ በቅየሳ ፕላን ላይ ተለክቶና ተስሎ የሚመዘገብ ወሰን ነው። በተለመደው የመሬት ካርታ ላይ ወሰን መስመር ነው፤ በባለ ሦስት አውታር ፕላን ላይ ግን ወሰን ገጽ ነው። በጎን ያሉት ገጾች ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያሉ፤ በላይና በታች ያሉት ደግሞ አንዱን ፎቅ ከሌላው፣ ሕንፃውን በሥሩ ከሚያልፈው የባቡር ዋሻ፣ የመኪና ማቆሚያውን በላዩ ካለው ሱቅ ይለያሉ።

እንዲህ ያለውን ወሰን ለመግለጽ ቀያሾች በዋናነት ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ወሰኑን በሚታይ ነገር፣ ማለትም በግድግዳ፣ በወለልና በኮርኒስ መግለጽ ነው። ሁለተኛው በቁጥር መግለጽ ነው፤ የእያንዳንዱ ማዕዘን ቦታና ከፍታ ተለክቶ ይጻፋል። የትኛው መንገድ እንደተመረጠ ፕላን ለማያነብ ሰው ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ቱቦ ሲፈነዳ ወይም መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን የማን ንብረት የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከምድር ሥር እስከ ሰማይ

በአውሮፓ ሕግ ለረጅም ዘመን «መሬቱ የማን ነው፣ ወደ ላይ እስከ ሰማይ፣ ወደ ታች እስከ ጥልቁ የእሱ ነው» የሚል አባባል ይጠቀስ ነበር። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በቦሎኛ የሮማን ሕግ ካብራራው ከአኩርሲየስ ጋር ነው። በዚህ አስተሳሰብ ይዞታ ማለት ላይና ታቹ የማያልቅ ዓምድ ነው። ስለዚህ ቀያሹ መሬት ላይ አራት ችካል ከተከለ ሥራው አለቀ፤ ከፍታን መለካት አያስፈልገውም። እርሻና ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላለበት አገር ይህ ጥሩ አድርጎ ሠርቷል።

አውሮፕላን ሲመጣ አባባሉ ችግር ውስጥ ገባ። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ግሪንስቦሮ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላኖች ከአንድ የዶሮ እርባታ በ83 ጫማ፣ ማለትም በ25 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያለፉ ወደ ማረፊያ ይወርዱ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ ወደ 150 የሚሆኑት ሞቱ፤ እርባታውም ተዘጋ። በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮዝቢ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ የ«እስከ ሰማይ» አባባል በዘመናዊው ዓለም ቦታ እንደሌለው ገለጸ። ሆኖም ባለመሬቱ ከመሬቱ በላይ ሊጠቀምበት የሚችለውን ያህል አየር የእሱ ነው በማለት ካሣ እንዲከፈለው ፈረደ። ፍርዱ ዓምዱን ከላይ ቆረጠው፤ የት ላይ እንደተቆረጠ ግን በሜትር አልተናገረም።

ከአየሩ በፊት የሕንፃ ሰዎች ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ጀምረውት ነበር። በኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያ በ1913 ሲከፈት ባቡሮቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስለነበሩ ሐዲዱን መሸፈን ተቻለ። የባቡር ኩባንያውም ከሐዲዱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ለሆቴልና ለቢሮ ሕንፃዎች አከራየ። በ1931 የተከፈተው የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የቆመው ከሐዲድ በላይ ነው። በቺካጎ በ1930 የተጠናቀቀው መርቻንዳይዝ ማርት የተሠራበት ቦታ ክፍፍል ደግሞ ለቀያሽ ትምህርት ቤት የሚሆን ነው። ባቡሩ እንዳይቆም ኩባንያው የሸጠው መሬቱን በሙሉ ሳይሆን ሕንፃው የሚይዘውን ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሐዲዱ በላይ ያለው የአየር ቁራሽ፣ ዓምዶቹ የሚወርዱባቸው ቀጫጭን ቁራሾች፣ በመጨረሻም ከመሬት በታች መሠረቱ የሚያርፍባቸው ክብ ቁራሾች ናቸው። ባቡሩ በዓምዶቹ መካከል እንደ ልቡ ያልፋል፤ የሚያልፍበትም ቦታ የኩባንያው ሆኖ ቀረ።

ግድግዳን እንደ ወሰን መጠቀም

አብዛኛው ሰው ባለ ሦስት አውታር ወሰንን የሚያገኘው በአፓርትመንት ውስጥ ነው። በአውስትራሊያ እስከ 1961 ድረስ አንድ ሰው በፎቅ ላይ ያለ ቤት «ሲገዛ» በብዙ ቦታ የሚገዛው ሕንፃውን የያዘ ኩባንያ አክሲዮን ነበር። የራሱ የሆነ ካርታ ስለሌለው ባንኮች ቤቱን ይዘው ለማበደር ያመነቱ ነበር። የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ1961 ያወጣው ሕግ በፎቅ ላይ ያለ ቤት እንደ መሬት ሁሉ በራሱ ስም እንዲመዘገብና የራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲኖረው አደረገ። ይህ አሠራር «ስትራታ» ይባላል፤ በኋላም በካናዳ፣ በሲንጋፖርና በሌሎችም አገሮች ተወስዷል። በአሜሪካ ተመሳሳይ ሕግ በፖርቶ ሪኮ በ1958፣ በዩታ ደግሞ በ1960 ወጥቷል፤ በዚያ «ኮንዶሚኒየም» ተባለ።

በስትራታ ፕላን ላይ የእያንዳንዱ ፎቅ ሥዕል አለ፤ ወሰን የሆነው ግድግዳ በወፍራም መስመር ይሳላል። ግድግዳ ግን ውፍረት አለው። ወሰኑ ከግድግዳው የትኛው ላይ ነው? የኒው ሳውዝ ዌልስ የ1961 ሕግ የግድግዳውን፣ የወለሉንና የኮርኒሱን መካከል ያዘ። ከ1974 ጀምሮ ግን ወሰኑ ወደ ውስጠኛው ገጽ ተሸጋገረ፤ የቤቱ ባለቤት ያለው ከግድግዳዎቹ ውስጠኛ ገጽ፣ ከወለሉ የላይ ገጽና ከኮርኒሱ የታች ገጽ ወዲህ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ግድግዳው ራሱ የሁሉም የጋራ ሆነ። ጎረቤት ግዛት ኩዊንስላንድ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚከተለው የመካከሉን መስመር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ውስጡ 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። በውስጠኛው ገጽ ከተለካ ስፋቱ 80 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው በየአቅጣጫው 20 ሳንቲ ሜትር ቢወፍርና ወሰኑ መካከሉ ላይ ቢሆን ቤቱ 10.2 በ8.2፣ ማለትም 83.64 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቤቱ በአንድ ጡብ አልጨመረም፤ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ግን ከሦስት ካሬ ሜትር ተኩል በላይ አደገ።

ከካሬ ሜትሩ ይልቅ የሚያጣላው ግን ጥገና ነው። በሁለት ፎቆች መካከል ባለው ሶሌታ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ሲያፈስ ከታች ያለው ሰው ኮርኒስ ይበሰብሳል። ወሰኑ ውስጠኛው ገጽ ከሆነ ሶሌታው በሙሉ የጋራ ንብረት ነው፤ ስለዚህ መነሻው የጋራ ማኅበሩ ኃላፊነት ነው። ወሰኑ መካከሉ ከሆነ ግን የሶሌታው የላይኛው ግማሽ የላይኛው ሰው፣ የታችኛው ግማሽ የታችኛው ሰው ነው። ግማሽ ሶሌታ መጠገን ስለማይቻል የመካከል መስመርን የመረጡ ሕጎች ስለ ጥገና ለብቻው ተጨማሪ አንቀጽ ማስገባት ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የውስጠኛው ገጽ ደንብ ለተራው ነዋሪ ይቀልላል፤ ጣትህ የሚነካው ድረስ ያንተ ነው፣ ከዚያ ያለፈው የሁላችንም ነው።

በረንዳና ግቢ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ከላያቸው ኮርኒስ የለም። ክፍት በረንዳ ወደ ላይ የት ያበቃል? ለዚህ በፕላኑ ላይ በጽሑፍ ማስታወሻ ይገባል፤ ለምሳሌ «የግቢው ወሰን ከኮንክሪት ወለሉ የላይ ገጽ 3 ሜትር ወደ ላይ፣ 2 ሜትር ወደ ታች ነው» ይባላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተረሳች በግቢው ውስጥ ጣሪያ የሚሠራ ሰው በማን አየር ላይ እንደሠራ ለመለየት ይቸግራል።

ቁጥርን እንደ ወሰን መጠቀም

ከመሬት በታች ለሚያልፍ ዋሻ ወይም ገና ላልተሠራ ሕንፃ የሚጠቀስ ግድግዳ የለም። ለዚህ የኩዊንስላንድ ሕግ ግልጽ የሆነ ምሳሌ ነው። በ1994 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ሕግ፣ ከኋላ ማሻሻያዎቹ ጋር፣ ሦስት ዓይነት ፕላን ያውቃል። የመጀመሪያው በአግድም ገጽና በመሬት ላይ ባሉ ምልክቶች መሬትን የሚገልጸው የተለመደው ፕላን ነው። ሁለተኛው በሕንፃ ክፍሎች የሚገልጸው ነው። ሦስተኛው «ቮልዩሜትሪክ» የሚባለው ሲሆን፣ ቁራሹን የሚከብበውን የእያንዳንዱን ገጽ ቦታ፣ ቅርጽና መጠን በሦስት አውታር በተለኩ ነጥቦች ይገልጻል። ቁራሹ ከመሬት በላይ፣ ከመሬት በታች ወይም ከፊሉ በላይ ከፊሉ በታች ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ የተዘጋ መሆን አለበት።

በእንዲህ ዓይነት ፕላን ላይ ቁራሹ መሬት ላይ የሚጥለው «ጥላ» ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ይሳላል፤ በየማዕዘኑ የላይና የታች ከፍታ ይጻፋል፤ ቅርጹ በዓይን እንዲገባ ደግሞ በሰያፍ የታየ ሥዕል ይጨመራል። የይዞታው መጠንም በካሬ ሜትር ሳይሆን በሜትር ኩብ ይሰጣል። ከቁራሹ ውጪ የቀረው ዓምድ «ቀሪ ቁራሽ» ሆኖ በፊተኛው ባለቤት እጅ ይቆያል። በብሪዝበን ከተማ በ2010 የተከፈተው የክሌም ጆንስ የመኪና ዋሻ በብዙ ሰዎች ቤት ሥር ያልፋል። ለእሱ ቤቶቹን ከነመሬታቸው መውሰድ አላስፈለገም፤ ዋሻው የሚያልፍበትን ቮልዩሜትሪክ ቁራሽ ብቻ መውሰድ ተቻለ። ቤቱ፣ ግቢውና ዛፉ የባለቤቱ እንደሆኑ ቀሩ። ያ ባለቤት ግን ከዚያ በኋላ ጥልቅ መሠረት ለመቆፈር ቢነሣ ፕላኑን ማየት አለበት።

ከፍታ ከየት ይቆጠራል?

«የቁራሹ ወለል 42.500 ላይ ነው» ማለት ከምን 42.5 ሜትር ካልተባለ ትርጉም የለውም። «ከመሬት» ማለት አይበቃም፤ መሬት ይቆፈራል፣ ይሞላል፣ ይስተካከላል። ስለዚህ ፕላኖች ከፍታን ከአገር አቀፍ የከፍታ መነሻ፣ ከዳተም ይቆጥራሉ። የአውስትራሊያው የከፍታ ዳተም በ1971 የጸደቀ ሲሆን የተመሠረተው ከ1966 እስከ 1968 በባሕር ዳርቻ በ30 ጣቢያዎች በተለካ አማካይ የባሕር ጠለል ላይ ነው።

በጂፒኤስ የሚለካ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ጂፒኤስ የሚሰጠው ከፍታ የምድርን ቅርጽ ከሚወክል ለስላሳ ሒሳባዊ አካል የተለካ እንጂ ከባሕር ጠለል የተለካ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቦታው ይለያያል፤ ከሕንድ በስተ ደቡብ የባሕር ጠለሉ ከዚያ አካል ወደ 106 ሜትር ዝቅ ሲል፣ በኒው ጊኒ አካባቢ ወደ 85 ሜትር ከፍ ይላል። ለእግር ጉዞ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። በሦስት ሜትር ከፍታ ለሚለያዩ ሁለት ቁራሾች ግን የአንዱ ሰው ቤት የሌላው ሰው ምድር ቤት ውስጥ እንደ መግባት ነው።

መሬቱ ራሱ ሲንቀሳቀስ

አውስትራሊያ በዓመት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትንቀሳቀሳለች። በ1994 መነሻ የተሠራው የአገሪቱ የኮኦርድኔት ሥርዓት በ2020 መነሻ ሲተካ የእያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር 1.8 ሜትር ገደማ ተቀየረ። አገሩ በሙሉ አብሮ ስለተንቀሳቀሰ የጎረቤቶች ወሰን አልተዛባም፤ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያለ ልወጣ የሚያቀላቅል ሶፍትዌር ግን ዋሻውን ከቦታው ያወጣዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ የባሰ ነው፤ እያንዳንዱን ቁራሽ በተለያየ መጠን ይገፋል። በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ የካቲት 2011 የደረሰው መንቀጥቀጥ 185 ሰዎች ገደለ፤ በከተማዋና በአካባቢዋም ችካሎችን፣ አጥሮችንና ቤቶችን ከነመሬታቸው አንሸራተተ። ወሰኑ ፕላኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ቦታ ላይ ይቆማል ቢባል ኖሮ ብዙ ሰው አጥሩ ጎረቤት መሬት ውስጥ ገብቶ ያገኘው ነበር። የአገሪቱ ፓርላማ በ2016 ባወጣው ሕግ ወሰኖቹ ከመሬቱ ጋር አብረው እንደተንቀሳቀሱ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ፤ የመሬት መንሸራተት ብቻ ከዚህ ውጪ ሆነ። ቁጥሩ የነገሩ መግለጫ እንጂ ነገሩ ራሱ እንዳልሆነ በሕግ የታወጀበት አጋጣሚ ነው።

ኮምፒዩተር የሚፈትሸው

ባለ ሦስት አውታር ቁራሽ ለኮምፒዩተር የነጥቦች፣ የጠርዞችና የገጾች ስብስብ ነው። መዝጋቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቅርጹ ተዘግቷል ወይ ብሎ ነው። በትክክል በተዘጋ ተራ ቅርጽ ውስጥ እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ገጾች፣ ከሁለት ያላነሰ ከሁለት ያልበለጠ፣ የጋራ ጠርዝ ይሆናል። ክፍተት የሌለው ቅርጽ የኦይለርን ቀመርም ያሟላል፤ ሳጥን 8 ነጥብ፣ 12 ጠርዝና 6 ገጽ ስላለው 8 − 12 + 6 = 2 ይሆናል። ውጤቱ 2 ካልሆነ ወይ አንድ ገጽ ጎድሏል፣ ወይ ቅርጹ እንደ ቀለበት መሐሉ ተበስቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙዎች የማይጠብቁት ነው፦ ገጹ ጠፍጣፋ ነው? ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ግን ላያርፍ ይችላል። 10 በ10 ሜትር የሆነ ጣሪያ ሦስቱ ማዕዘኖቹ 50.00፣ አራተኛው 50.40 ላይ ነው እንበል። ገጹን በሁለት ሦስት ማዕዘን ለመክፈል ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉ። ሰያፉ ከፍ ባለው ማዕዘን በኩል ካለፈ ከ50.00 በላይ 13.3 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ በሌላው በኩል ካለፈ 6.7 ብቻ። አራቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ ንብረቱ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ፕላን ማዕዘኖቹን ብቻ ሳይሆን ማዕዘኖቹን የሚያገናኘውን ገጽም ይገልጻል።

አይኤስኦ በ2012 ያወጣው 19152 ቁጥር መስፈርት የድሮውንና የአዲሱን ወሰን በአንድ የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ለማኖር ቀላል ዘዴ ተጠቅሟል። የተለመደው መስመር ላይና ታቹ እንደማያልቅ መጋረጃ ይቆጠራል፤ ሦስት አውታር ያለው ወሰን ደግሞ እንደ ተወሰነ ገጽ። በዚህ ምክንያት አገሩን በሙሉ እንደገና መቀየስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ውስብስብ የሆነውን ቦታ ብቻ መጨመር ነው። ኔዘርላንድ ያደረገችው እንዲሁ ነው። በዴልፍት ከተማ የባቡር ጣቢያና የማዘጋጃ ቤት ቢሮ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከባቡር ዋሻ በላይ ይገኛሉ፤ የተለያዩ ባለመብቶችም አሏቸው። በ2016 የአገሪቱ የመሬት መዝገብ እነዚህን መብቶች በሦስት አውታር በሚዞር የፒዲኤፍ ሥዕል መዘገበ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያንቲን ስቶተር ስለ ሦስት አውታር ካዳስተር የዶክትሬት ጽሑፏን ካቀረበች 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

ዓምዱን በሕግ መቁረጥ

አንዳንድ አገሮች እያንዳንዱን ቁራሽ ከመቀየስ ይልቅ የሁሉንም ዓምድ በአንድ ጊዜ በሕግ ቆርጠዋል። ሲንጋፖር በ2015 ባሻሻለችው ሕግ የባለመሬት መብት በማረጋገጫው ላይ ሌላ ካልተጻፈ በቀር ከአገሪቱ የከፍታ ዳተም 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ያበቃል። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ከ300 ሜትር በታች ያለውን ጥልቅ መሬት ለነዳጅና ለእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ባለመሬቱን ሳያስፈቅዱ መጠቀም እንዲቻል ፈቀደች። ስዊድን ከጥር 2004 ጀምሮ ባለ ሦስት አውታር ይዞታ መመሥረትን ፈቅዳለች፤ እስራኤል በ2018 ባሻሻለችው የመሬት ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ከፍታለች።

በኢትዮጵያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመሬት ባለቤትነት ወደ ላይ የሚደርሰው ለመሬቱ አገልግሎት እስከሚያስፈልገው ድረስ እንደሆነ ደንግጓል፤ ከኮዝቢ ፍርድ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰብ ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህ ግን የሦስተኛውን አውታር ጥያቄ አያስቀረውም። በዴልፍት እንደታየው በሦስት አውታር የሚገደበው ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን የመጠቀም መብትም ሊሆን ይችላል።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በፎቅ ላይ ያለን ቤት በግል፣ ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና ጣሪያውን የመሳሰሉትን ደግሞ በጋራ ለመያዝ መሠረት ጥሏል። በ818/2006 አዋጅ የተጀመረው የከተማ ይዞታ ምዝገባ በካዳስተር ካርታ ላይ የሚያስቀምጠው ግን ቁራሽ መሬትን በሁለት አውታር ነው። በካርታው ላይ ሕንፃው የቆመበት ቦታ አንድ ቅርጽ ነው፤ በውስጡ ያሉት ቤቶች የሚለዩት በብሎክ፣ በፎቅና በቤት ቁጥር ነው። በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ክፍል ያደረገ ነዋሪና ከላዩ ያለው ጎረቤት ሲከራከሩ፣ ወይም የመታጠቢያ ቤት ውኃ በሶሌታው ሲያልፍ፣ የቤት ቁጥሩ ወሰኑ የግድግዳው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ አይናገርም።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአንዳንድ ቦታ ከአስፋልት በላይ በድልድይ፣ በፒያሳ አካባቢ ደግሞ ከመሬት በታች ያልፋል። መስመሩ በአብዛኛው የተከተለው የሕዝብ መንገድን ስለሆነ የግል ይዞታን በከፍታ መክፈል ብዙ አላስፈለገም። ከመንገድ ወጥቶ በሕንፃዎች ሥር ለሚያልፍ ዋሻ፣ ወይም ሱቁ የአንድ፣ መኪና ማቆሚያው የሌላ፣ ቢሮው የሦስተኛ ሰው ለሆነ ሕንፃ ግን ፕላኑ ከፍታን መጻፍ ይኖርበታል።